ባዶው የአባት ቦታ፦ ስለ ጁኖ ዲያዝ የበኩር የአጫጭር ልብወለዶች መድብል

(ከዚህ በታች የቀረበው በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የተደረገ ንግግር ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)



 የዛሬው ንግግሬ በአንድ ቀጭን መጽሐፍ ላይ ያተኩራል። መጽሐፉ የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ተወላጅ የሆነው ጁኖ ዲያዝ በ1996 በአሜሪካ ያሳተመው የበኩር ሥራው ነው። ርእሱ «ድራውን» ይባላል፤ ወደ አማርኛ ስንመልሰው «መስጠም» ልንለው እንችላለን። በውስጡ ዐሥር አጫጭር ልብወለዶች አሉ። ደራሲው ሲያሳትመው የ27 ዓመት ወጣት ነበር።

ስለ ስደት የተጻፉ ልብወለዶችን ስናነብ ዐይናችን ብዙውን ጊዜ የሚከተለው የሚሄደውን ሰው ነው። ጓዙን ሲሸክፍ፣ ድንበር ሲሻገር፣ በባዕድ አገር ሲበርደውና ሲዋረድ፣ በመጨረሻም ሲሳካለት ወይም ሲወድቅ አብረነው እንጓዛለን። የዲያዝ መድብል ይህን ልማድ ይገለብጠዋል። ትረካው የሚነሣው ከቀሩት ሰዎች ዘንድ ነው። አባት በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ የለም፤ አለመኖሩ ግን በየዐረፍተ ነገሩ ይሰማል። ዛሬ ላስረዳ የምሞክረው አንድ ሐሳብ ነው፦ በዚህ መድብል ውስጥ ስደት ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው በቤት ውስጥ በሚተወው ባዶ ቦታ ነው። ልጁ አድጎ ያንን ባዶ ቦታ በትረካ ለመሙላት ሲነሣ፣ በአባቱ ላይ ይፈርዳል ወይስ ይረዳዋል የሚለው የመጽሐፉ ዋና ጥያቄ ይሆናል።

አስቀድሜ ጥቂት የታሪክ ዳራ ላቅርብ። ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሂስፓንዮላ የተባለችውን የካሪቢያን ደሴት ከሃይቲ ጋር የምትጋራ አገር ናት። ከ1930 እስከ 1961 ድረስ ራፋኤል ትሩሂዮ የተባለው አምባገነን ቀጥቅጦ ገዛት። በእርሱ ዘመን ለተራው ዜጋ ፓስፖርት አግኝቶ ከአገር መውጣት እጅግ አስቸጋሪ ነበር። በ1961 ትሩሂዮ ሲገደል ተዘግቶ የኖረው በር መከፈት ጀመረ። በ1962 በተደረገው ምርጫ ሁዋን ቦሽ አሸነፈ፤ በተከታዩ ዓመት ሥልጣን ይዞ ሰባት ወር ያህል እንደቆየ በመፈንቅለ መንግሥት ወረደ። ለሥነ ጽሑፍ ሰዎች ልብ ሊባል የሚገባው፣ ይህ ፕሬዚዳንት ራሱ በላቲን አሜሪካ ስመ ጥር ከሆኑት የአጭር ልብወለድ ጸሐፍት አንዱ መሆኑ ነው። በ1965 እርሱን ወደ ሥልጣን ለመመለስ የተነሣው ዐመፅ ወደ እርስ በርስ ጦርነት ተለወጠ፤ አሜሪካም ጦሯን አዘመተች። በዚያው ዓመት አሜሪካ የስደተኞች ሕጓን አሻሻለች። ከዚያ በኋላ ባሉት ዐሥርተ ዓመታት እጅግ ብዙ ዶሚኒካኖች ወደ ኒውዮርክና ወደ ኒው ጀርሲ ጎረፉ፤ በማንሃተን ሰሜናዊ ክፍል የሚገኘው ዋሺንግተን ሃይትስም የእነርሱ ሰፈር ሆነ።

ዲያዝ የዚህ ፍልሰት ልጅ ነው። በ1968 በሳንቶ ዶሚንጎ ተወለደ፤ በ1974 ከቤተሰቡ ጋር አባቱ ወደሚገኝበት ኒው ጀርሲ ሄደ። በራትገርስ ዩኒቨርሲቲ፣ ቀጥሎም በኮርኔል ተማረ። ከበኩር መድብሉ ዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ ባሳተመው ረጅም ልብወለድ በ2008 የፑሊትዘር ሽልማትን አግኝቷል። የሕይወት ታሪኩና የመድብሉ ይዘት መመሳሰላቸው ግልጽ ነው። ነገር ግን ተማሪዎቼን ደጋግሜ እንደማሳስበው፣ ልብወለድን እንደ ምስክርነት ቃል ማንበብ ሥራውን ማሳነስ ነው። የምንመረምረው ደራሲው የኖረውን ሳይሆን የሠራውን ነው።

ሥራው ያለ ቀዳሚ አልመጣም። የትሪኒዳዱ ሳሙኤል ሴልቨን በ1956 የካሪቢያን ስደተኞችን የለንደን ኑሮ በራሳቸው አነጋገር ጽፏል። የአንቲጓዋ ጃሜይካ ኪንኬይድ በ1983 የበኩር የአጫጭር ልብወለዶች መድብሏን አሳትማለች። የሃይቲዋ ኤድዊጅ ዳንቲካ ደግሞ ከዲያዝ አንድ ዓመት ቀድማ በ1995 «ክሪክ? ክራክ!» የተሰኘውን መድብል አቅርባለች። ርእሱ የሃይቲ ተራኪና አድማጮች ተረት ሲጀመር የሚቀባበሉት ጥሪና ምላሽ ነው፤ እኛም «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብለን ያደግን ስለሆንን ነገሩ አይርቀንም።

አሁን ወደ መጽሐፉ ቅርጽ እንግባ። ዐሥሩም ታሪኮች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን ችለው የሚቆሙ ናቸው። ሆኖም አራቱን አንድ ቤተሰብ ያያይዛቸዋል፦ ተራኪው ዩኒዮር፣ ታላቅ ወንድሙ ራፋ፣ እናታቸው ቪርታና አባታቸው ራሞን። እነዚህ አራት ታሪኮች በመድብሉ ውስጥ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ አራተኛና ዐሥረኛ ሆነው ተቀምጠዋል። አቀማመጣቸው የጊዜን ቅደም ተከተል አይከተልም። በመጀመሪያው ታሪክ ልጆቹ አገር ቤት ናቸው፤ አባት የለም። በሁለተኛው ሁሉም አሜሪካ ናቸው፤ አባት አለ። በአራተኛው እንደገና ወደ አገር ቤት ተመልሰን አባታቸውን ሲጠብቁ እናያቸዋለን። በዐሥረኛው ደግሞ ሁሉም ነገር ከመሆኑ በፊት ወደነበረው፣ አባት ወደሄደበት ቀን እንመለሳለን።

ይህ የተዛባ ቅደም ተከተል ምን ይጠቅማል? ልጆቹ አባታቸውን ሲጠብቁ በምናነብበት ሰዓት እኛ ያንን አባት አስቀድመን አውቀነዋል። የሚጠብቁት ሰው ሲመጣ ምን ዓይነት ሰው እንደሚሆን አይተናል። እነርሱ የማያውቁትን እኛ እያወቅን መጠበቃቸውን እንመለከታለን። የመድብሉ ሐዘን በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ ልዩነት ነው።

የመጀመሪያው ታሪክ ርእስ «እስራኤል» ነው። ዩኒዮር የዘጠኝ ዓመት፣ ራፋ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጆች ናቸው። ክረምቱን ኦኮዋ በተባለው ገጠር ከዘመድ ዘንድ ተልከዋል። በአካባቢው እስራኤል የሚባል ልጅ አለ፤ ሕፃን ሳለ ፊቱን ዐሣማ በልቶት በጨርቅ ጭንብል ተሸፍኖ የሚኖር። ሁለቱ ወንድማማቾች ፊቱን ለማየት ይጓዛሉ። ሲያገኙት ካይት ይዟል፤ በክር ይዘው በነፋስ የሚያበሩትን መጫወቻ ማለቴ ነው። ከየት እንዳመጣው ሲጠይቁት አባቱ ከኒውዮርክ እንደላከለት ይነግራቸዋል። ዩኒዮር የእነርሱም አባት እዚያ መሆኑን በደስታ ጮኾ ይናገራል። ራፋ ግን ለቅጽበት ፊቱ ይጨፈግጋል። የእነርሱ አባት ከደብዳቤና አልፎ አልፎ ለገና ከሚልከው ሸሚዝ ወይም ሱሪ በቀር ምንም አይልክም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ራፋ የእስራኤልን ጭንቅላት በጠርሙስ መትቶ ጭንብሉን ይገፍፈዋል። ብዙ አንባብያን ይህን እንደ ልጆች ጭካኔ ብቻ ያነቡታል። እኔ ግን ከዚያ ከተጨፈገገው ፊት ነጥዬ ላነበው አልችልም። ፊት የሌለው ልጅ አባት አለው፤ ፊት ያላቸው ልጆች አባት የላቸውም። ራፋ የመታው ያንን የኒውዮርክ ካይት ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም። ታሪኩ ሲያበቃ ዩኒዮር እስራኤል በአሜሪካ ሐኪሞች እንደሚድን ተስፋውን ይናገራል፤ ራፋ ማንም ምንም እንደማያደርግለት ይመልስለታል። የሚነጋገሩት ስለ እስራኤል ይመስላል፤ እውነተኛው ጥያቄ ግን ከባሕር ማዶ ለእነርሱስ የሚመጣ ነገር አለ ወይ የሚለው ነው። ደራሲው በዘጠነኛው ታሪክ ወደዚህ ልጅ ተመልሶ ዓለምን ከእርሱ አንጻር ያሳየናል፤ ስለዚህ እስራኤል የሌሎች ልጆች ታሪክ ማስፈጸሚያ ሆኖ አይቀርም።

ሁለተኛው ታሪክ «ፌስታ፣ 1980» ነው። ቤተሰቡ አሁን አንድ ላይ ኒው ጀርሲ ይኖራል። አባት አዲስ ቮልስዋገን ገዝቷል። ዩኒዮር ግን በመኪናው በተሳፈረ ቁጥር ያስመልሰዋል። አባት ይቆጣል፤ ይቀጣል፤ ወደ ድግስ ሲሄዱ እህል እንዳይቀምስ ይከለክለዋል። ልጆቹ ደግሞ አንድ ምስጢር ተሸክመዋል፤ አባታቸው ከአንዲት የፖርቶ ሪኮ ተወላጅ ጋር ግንኙነት አለው፤ ወደ ቤቷም ወስዷቸዋል። አክስቱ በድግሱ መካከል ዩኒዮርን ለብቻ አግኝታ ስለ ቤታቸው ስትጠይቀው አፉ አይከፈትም። መናገር ያልቻለውን ሆዱ ይናገርለታል። ወደ ቤት ሲመለሱም እንደገና ያስመልሰዋል፤ ታሪኩም በዚያው ያበቃል። የናፈቁት አባት መጥቷል፤ ባዶው ቦታ ግን አልተሞላም።

አራተኛው ታሪክ ርእሱ የስፓኝ ቃል ነው፦ «አጓንታንዶ»። መታገሥ፣ መሸከም፣ መጽናት የሚሉ ትርጉሞች አሉት። ለዚህ ቃል አማርኛ ከብዙ ቋንቋዎች ይልቅ የታደለ ይመስለኛል። «ቻለ» የሚለው ግሳችን አቅም መኖርንም ስቃይን ተሸክሞ ማደርንም በአንድ ቃል ይይዛል። «ቻይ ሴት ናት» ስንል ብርታቷን እያደነቅን ነው፤ ነገር ግን የጫነባትን ሰው ከወቀሳ እያሳለፍነውም ነው። የዩኒዮር እናት እንዲህ ያለች ቻይ ናት። በቸኮሌት ፋብሪካ ረጅም ሰዓት ትሠራለች። የሚኖሩበት ቤት ቆርቆሮ ዝናብ ያፈስሳል። ገንዘብ ሲያጥር ልጆቹን ለዘመድ ታከፋፍላለች። በሰውነቷ ላይ በ1965ቱ ጦርነት ከሮኬት ጥቃት ስትተርፍ የቀረባት ጠባሳ አለ።

ዩኒዮር አባቱን የሚያውቀው እናቱ ከአልጋዋ ሥር በላስቲክ ከረጢት ካስቀመጠቻቸው ፎቶግራፎች ብቻ ነው። ከፎቶግራፎቹ አንዱ አባቱን የወታደር ልብስ ለብሶ ያሳየዋል፤ የተነሣውም የ1965ቱ ወረራ ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ዲያዝ የአገሪቱን ታሪክ በአንቀጾች አይዘረዝርም። አንዱን ሚስት ገላ ላይ፣ ሌላውን ከአልጋ ሥር ባለ ፎቶግራፍ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ልጁ አባቱን ፍለጋ ሲገባ ሳያውቀው የአገሩን ታሪክ ይነካል።

አንድ ጊዜ አባት እመጣለሁ ብሎ ይጽፋል፤ ቤቱ በተስፋ ይሞላል፤ አይመጣም። እናት ልጆቿን ትታ ለሳምንታት ወደ ኦኮዋ ትሄዳለች፤ ስትመለስ ሌላ ሴት ሆናለች። መቻልም ዳርቻ አለው ማለት ነው። ይህን ክፍል ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም፤ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ከባሕር ማዶ ስልክ የተጠበቀበትን ቤት የማያውቅ ሰው ጥቂት ይመስለኛል።

አሁን አንድ ትንሽ የቁጥር ነገር ላንሣ። በዚህ በአራተኛው ታሪክ ተራኪው የሕይወቱን የመጀመሪያ ዘጠኝ ዓመታት ያለ አባት እንደኖረ ይነግረናል። በመጨረሻው ታሪክ ግን አባቱ ከሳንቶ ዶሚንጎ የሄደው እርሱ አራተኛ ዓመቱን ሊይዝ ጥቂት ሲቀረው እንደሆነ ይናገራል። ስለዚህ አባት የጠፋው ለዘጠኝ ዓመታት ሳይሆን ለአምስት ዓመታት ያህል ነው። የደራሲው ስሕተት ነውን? እኔ እንዲያ አላነበውም። የልጅ ሒሳብ ነው። አባት ከመሄዱ በፊት የነበሩት ዓመታት በልጁ ትዝታ ውስጥ አሻራ አልተዉም፤ ስለዚህ መቅረቱ ወደ ኋላ ተስፋፍቶ አብረው የኖሩባቸውንም ዓመታት ውጧቸዋል። አለመኖር የነበረውን ጊዜ ሳይቀር ይበላል። ይህን ለመናገር ደራሲው ሁለት ቁጥሮችን አራርቆ ከማስቀመጥ በቀር ምንም አላደረገም።

በእነዚህ አራት ታሪኮች መካከል የገቡት ሌሎቹ ታሪኮች፣ ከዘጠነኛው በቀር፣ በአሜሪካ ስለሚኖሩ ወጣቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ ተራኪዎች ስም የላቸውም። አንዱ የፑል ጠረጴዛ ወደ ሀብታሞች ቤት እያመላለሰ ይተክላል። ሌላው ከልብ ጓደኛው ጋር ስለተቆራረጠበት ምክንያት ራሱን መጠየቅ ይፈራል። ሌላው ዕፅ ይሸጣል። ከሁሉ ይልቅ በትምህርት ቤቶች የሚታወቀው በሁለተኛ መደብ፣ በትእዛዝ አንቀጽ የተጻፈው ታሪክ ነው፤ ወጣቱ ሴት ልጅ ወደ ቤቱ ስትመጣ ምን ማድረግ እንዳለበት ራሱን ያዝዛል። ከመንግሥት በእርዳታ የተሰጠውን አይብ ከማቀዝቀዣው አውጥቶ ይደብቅ፤ የገጠር ዘመዶቹ ያሉባቸውን ፎቶግራፎች ያንሣ። አንባቢ መጀመሪያ ይሥቃል፤ ቆይቶ ግን ይህ ልጅ ሊያፈቅር ሲል በመጀመሪያ የሚሰርዘው የገዛ ቤተሰቡን መሆኑን ያስተውላል። እናቱ ፎቶግራፎችን ከአልጋ ሥር የምታኖረው ሰው እንዳይጠፋባት ነበር፤ ልጁ ፎቶግራፎችን የሚደብቀው ሰው እንዳያየው ነው።

ስለ ቋንቋው ጥቂት ልበል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ቢሆንም የስፓኝ ቃላት በየገጹ ይገባሉ። ደራሲው እነዚህን ቃላት በዘመም ፊደል አይለያቸውም። እንደ እንግዳ ዕቃ ተለይተው እንዲታዩ አልፈለገም፤ በቤቱ ውስጥ ሁለቱም ቋንቋዎች ባለቤት ናቸውና። ንግግርንም በትምህርተ ጥቅስ አይከብም። በዚህ የተነሣ የአባት ቁጣ፣ የእናት ዝምታና የልጁ ሐሳብ በአንድ ትንፋሽ ይፈስሳሉ፤ አንባቢው የማን ድምፅ እንደሆነ ለመለየት ጆሮውን ማቅናት አለበት።

ወደ አማርኛ ሲመጣ ሌላ ችግር ይነሣል። አንድ ጊዜ በክፍል ውስጥ የአራተኛውን ታሪክ መግቢያ ተማሪዎቼ እንዲተረጉሙ አዝዤ ነበር። ገሚሶቹ «አባቴ አሜሪካ ነበር» ብለው ጻፉ፤ ገሚሶቹ «አባቴ አሜሪካ ነበሩ» አሉ። እንግሊዝኛው ይህን እንድንመርጥ አያስገድደንም፤ አማርኛ ግን ከመጀመሪያው ግስ ጀምሮ ያስገድደናል። ክርክር ተነሣ። አንዷ ተማሪ ጥሎ የሄደ አባት አንቱታ አይገባውም አለች። ሌላው በፎቶግራፍ ብቻ የሚያውቁትን ሰው «አንተ» ማለት እንዴት ይቻላል ብሎ ጠየቀ። ሁለቱም ልክ ነበሩ። አንቱታ ለታላቅ የሚሰጥ ክብር ብቻ አይደለም፤ ለማናውቀው ሰውም የምናቆመው አጥር ነው። ዩኒዮር አባቱን በአማርኛ «እርሳቸው» ቢል አክባሪ ልጅ ነው ወይስ ባዳ የሆነበት ልጅ? ልብ ብላችሁ ከሆነ እኔም በዚህ ንግግር ራሞንን «እርሱ» እያልኩ መጥቻለሁ። ምርጫዬ ፍርድ አለበት፤ አልክደውም።

ይህ የፍርድ ጥያቄ ወደ መጨረሻው ታሪክ ያደርሰናል። ርእሱ «ኔጎሲዮስ» ነው፤ ንግድ ወይም የሥራ ጉዳይ ማለት ነው። መድብሉ ወደ ስፓኝ ቋንቋ ተተርጉሞ በአሜሪካ ሲታተም የጠቅላላ መጽሐፉ መጠሪያ የሆነውም ይኸው ርእስ ነው። በመድብሉ ረጅሙ ታሪክ እዚህ ላይ የአባትን ጉዞ ከልጁ አንደበት እንሰማለን።

ራሞን የጉዞውን ገንዘብ ከሚስቱ አባት ይበደራል። ማያሚ ይደርሳል፤ ከዚያም የመንገዱን ከፊል በእግሩ ጭምር እየተጓዘ ወደ ኒውዮርክ ይወጣል። ዝቅተኛ ሥራ ይሠራል። የመኖሪያ ፈቃድ ለማግኘት ሲል ዜግነት ያላትን ሴት በክፍያ ለማግባት ይሞክራል፤ አጭበርባሪዎች ገንዘቡን ይበሉታል። ቆይቶ ኒልዳ የምትባል ዜግነት ያላት ዶሚኒካናዊት ያገባል፤ አገር ቤት ሚስት እንዳለችው እያወቀ። ወንድ ልጅ ይወልዱና ራሞን ተብሎ ይሰየማል። ዩኒዮር የሚለው መጠሪያ ራሱ «ትንሹ» ማለት መሆኑን፣ የተራኪውም ስም ከአባቱ የተወረሰ መሆኑን ስናስታውስ ነገሩ ይከብዳል። በብሩክሊን አንድ ሌላ ልጅ በእርሱ ስም እየተጠራ፣ በእርሱ አባት ጉልበት ላይ ተቀምጧል። በዚህ መካከል ራሞን ከኒልዳ ጋር ሳንቶ ዶሚንጎን ይጎበኛል፤ ሚስቱንና ልጆቹን ግን ሳያይ ይመለሳል።

ይህን ሁሉ ዩኒዮር ከየት ዐወቀ? አባቱ ቤተሰቡን በመጨረሻ አምጥቶ፣ ኋላም ለሁለተኛ ጊዜ ጥሏቸው ከሄደ ከዓመታት በኋላ፣ ወደ ኒልዳ ሄዶ ጠይቋት ነው። አንድ ሰው የተዋቸው ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ስለ እርሱ ይነጋገራሉ። ልጁ ከዚህችው ሴት የሰማውን ከራሱ ግምት ጋር ገጣጥሞ የአባቱን ታሪክ ይሠራል። ብርዱን፣ ረኀቡን፣ በሥራ ላይ የተጎዳውን ጀርባ አንድ በአንድ ይተርካል። በደሉንም አንድ በአንድ ያኖራል። ለበደሉ ችግሩን ማመካኛ አያደርግለትም፤ በበደሉ ምክንያትም ችግሩን አይሰርዝበትም። ሁለቱ ጎን ለጎን ይቆማሉ።

የመድብሉ የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ራሞን ኒልዳን ትቶ የወጣበትን ቀን ይመለከታል። ተራኪው በፊቱ ሁለት መላምቶች አሉት። በአንዱ አባቱ ያገኘውን የመጀመሪያ ባቡር ተሳፍሮ በቀጥታ ወደ አየር ማረፊያ፣ ወደ እነርሱ ሄዷል። በሌላው አስቀድሞ ወደ ጓደኛው ጎራ ብሏል። ዩኒዮር የመጀመሪያውን ማመን እንደሚወድ፣ እውነት የመሆን ዕድል ያለው ግን ሁለተኛው እንደሆነ በአንድ ትንፋሽ ይነግረናል። የመጽሐፉ ፍርድ ይህ ነው። ልጁ ራሱን አያታልልም፤ ነገር ግን መመኘትንም አይተውም። ይቅርታ አላደረገም፤ ክሱንም አልቋጨም። በፎቶግራፍ ያውቀው የነበረውን ሰው በባቡር ጣቢያ ቆሞ እንዲታየው አድርጎታል። ልብወለድ ከመረጃ በላይ የሚሠራው ሥራ ቢኖር እዚህ ላይ ነው።

ከእኛም ወገን ተመሳሳይ ሥራ የሠራ ደራሲ አለ። አዲስ አበባ የተወለደውና በአሜሪካ ያደገው ዲናው መንግሥቱ በ2010 ባሳተመው ሁለተኛ ረጅም ልብወለዱ፣ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በአሜሪካ የተወለደ ልጅ የአባቱን የስደት ጉዞ በምናቡ እየፈጠረ ለተማሪዎቹ ሲተርክ ያሳየናል። ዲናውና ዲያዝ በአንድ ዓመት፣ በ2012፣ የማካርተር ሽልማት ተቀባዮች መሆናቸው መገጣጠም ነው። ሁለቱም ልጆች የአባታቸውን ጉዞ መፍጠር ግድ የሆነባቸው ግን በመገጣጠም አይመስለኝም። አባቶች አልተናገሩም። የስደት ሁለተኛው ትውልድ የወረሰው ዝምታን ነው፤ ዝምታን የወረሰ ልጅ ደግሞ ወይ ዝም ይላል ወይ ይፈጥራል።

ሐቀኛ ለመሆን የመድብሉን ጉድለትም ልጥቀስ። አባት በመጨረሻ የራሱን ታሪክ አግኝቷል። እናትስ? ቪርታ በአራቱም ታሪኮች ውስጥ አለች፤ ስትሠራ፣ ስትጠብቅ፣ ስትታመም፣ ዝም ስትል እናያታለን። ኦኮዋ በቆየችባቸው ሳምንታት ምን እንዳሰበች ግን አናውቅም። ልጁ ያልነበረውን አባት ፍለጋ ብሩክሊን ድረስ ሄዷል፤ አጠገቡ የነበረችውን እናት ለመጠየቅ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው አልተሻገረም። ይህ የደራሲው ድክመት ነው ወይስ የተራኪው እውነት? ሁለቱም ሊሆን ይችላል። የሄደ ሰው ታሪክ ይሆናል፤ የቀረ ሰው ኑሮ ሆኖ ይቀራል። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ይህን መጽሐፍ የምታነቡ ወጣት ጸሐፊዎች ካላችሁ፣ ሳይጻፍ የቀረው ምዕራፍ የት እንዳለ እያመለከትኳችሁ ነው።

ለማጠቃለል፤ የዲያዝ የበኩር መድብል ስለ ካሪቢያን ስደተኞች ኑሮ የሚያስረዳን፣ የስደት ዋጋ የሚከፈለው በሄደው ሰው እጅ ብቻ እንዳልሆነ ነው። ዋጋው በቀረው ቤት፣ በሚያፈስሰው ቆርቆሮ ሥር፣ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ባለ ፎቶግራፍ ፊት ይከፈላል። ልጅ ያንን ዋጋ ሲቆጥር አምስቱን ዘጠኝ ይለዋል፤ አልተሳሳተም። መጽሐፉ በአማርኛ ቢነበብ ተርጓሚው በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ላይ ቆሞ «ነበር» ይበል ወይስ «ነበሩ» ማሰብ ይኖርበታል። ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ ስለ ሄደ ሰው የምትተርኩ ከሆነ፣ እናንተም በዚያው ግስ ላይ ጥቂት ቆም እንድትሉ እጋብዛችኋለሁ።